ሰፈሬን የወሰደችብኝ ዘይነባ

ሰፈራችሁ ማን ይባላል? የእኛን፣ አሰላ ዳር ያለውን፣ ባጃጆቹ «ዘይነባ በአንድ ሰው!» እያሉ ነው የሚጠሩት። ዘይነባ ማን መሰለቻችሁ? ባለሱቋ ናት። ያውም ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ የመጣች!

ቅናት ነው በሉኝ። አዎ፣ ቅናት ነው። እኔ መምህሩ ስመጣ እዚህ የገብስ ማሳ ነበር። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ የመታሁት እኔ ነኝ። «መምህር ሰፈር» ቢባል ምን ይጎድል ነበር? እንዲያውም ስሙን ቆርቆሮ ላይ ጽፌ መብራት እንጨት ላይ ሰቀልኩት። ማግስቱን አንድ እንግዳ አንብቦ፣ መምህር ሰፈር የቱ ነው ብሎ ጎረቤቴን ጠየቀው። ጎረቤቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እኔ እንጃ፣ እስቲ ዘይነባን ጠይቃት።»

ባለፈው ዓመት ቀበሌው የሰፈሩን ስምና ነዋሪ የሚመዘግብ ሠራተኛ ላከ። ቀኔ ደረሰ ብዬ ኮቴን ለብሼ በሬ ላይ ጠበቅሁት። ሰውዬው ለካ ቤት ለቤት መዞሩን ትቶ ዘይነባ ሱቅ ደጃፍ ቁጭ ብሏል! እሷ ዘይት እየቀዳች ታስጽፈዋለች። እዚህ ቤት ስድስት ናቸው፣ ከዴራ የመጣው ተከራይ ለቋል፣ እዚያ ደግሞ ከዲክሲስ የሚስት እህት መጥታለች። በየቤቱ ስንት ዳቦ እንደሚገባ ታውቃለቻ!

ደሜ ፈላ። «የእኔን ቤት እንኳ እኔው ልናገር! አራት ነን፣ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን» አልኩ።

ዘይነባ ፈገግ አለች። «መምህር ልክ ናቸው። ለጊዜው አራት ብለህ ጻፍ» አለችው።

ለጊዜው? ለጊዜው ደግሞ ምን ማለት ነው? እየተብከነከንኩ ገብቼ ለባለቤቴ ለብርቄ ስሞታዬን አራገፍኩት። ሰፈሬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ ቤቴን ትቆጥራለች አልኳት። ብርቄ ከት ብላ ሳቀች። «ዘይነባ በየቀኑ ሎሚ ስገዛ አይታ ጠርጥራ ነው፣ እኔም ገና ዛሬ ማረጋገጤ ነው፣ አርግዣለሁ» አለችኝ። ደስታዬን አልደብቅም። ግን የገዛ ቤቴን የሕዝብ ብዛት ከባለሱቋ ልስማ?

ወሩ ደረሰ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ምጡ መጣ። ለአንድ ባጃጅ ነጂ ደወልኩ።

«ቶሎ ድረስ፣ መምህር ሰፈር!»

«የት ነው እሱ?»

«አሰላ ውስጥ እየሠራህ መምህር ሰፈርን አታውቅም?» ብዬ ልሟገት ስል ብርቄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ያን ዓይነት ጉልበት እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ዘይነባ!» ብዬ ጮህኩ። «ዘይነባ ሰፈር!»

ወዲያው ደረሰ።

በሰላም ተገላገለች፣ ሴት ልጅ። ካርድ የምታወጣው ነርስ አድራሻ ጠየቀችኝ። ብርቄ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ዘይነባ ሰፈር» አልኩ። «ለጊዜው።»