ሰሙ መቼ ነው የሚቀልጠው?

ሰው ጎረቤቱ ሳያውቀው ባዕድ አገር ሊታወቅ ይችላል? እኔን ቢቸና ውስጥ በቅጡ የሚያውቀኝ የለም። አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ቅኔ የማወራውን በስልክ እየቀረጽኩ ኢንተርኔት ላይ እጭናለሁ። ቻናሌ «ሰምና ወርቅ ከቢቸና» ይባላል። ለማሳመሪያ ሻማ አበራና አጠገቡ የባለቤቴን የወርቅ ቀለበት አስቀምጣለሁ። እሷማ ከኔ ቀድሞ ቀለበቴ ዝነኛ ሊሆን ነው እያለች ታሾፋለች።

እውነቱን ልንገራችሁ አይደል? ይሄን ሁሉ የምደክመው ሞጣ ያሉት የቅኔ መምህሬ፣ የኔታ፣ አንድ ቀን «ደግ አደረግህ» እንዲሉኝ ነው። ከአፋቸው ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ተመልካቾቼ ከየት ናቸው ብዬ ብከፍት፣ ቢቸና የለችም። ሞጣም የለችም። መጀመሪያ ላይ ጃይፑር ይላል። ሉማሜ አካባቢ ያለ ቀበሌ መስሎኝ ነበር። ለካ ህንድ ነው። ህንዶች ከኔ ምን ፈልገው? ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ጃይፑር።

ከሥር በማላውቀው ፊደል የተጻፈ አስተያየት አለ። መተርጎሚያውን ብነካው፣ «ጌታዬ፣ በትዕግሥት እየጠበቅን ነው፤ ሰሙ መቼ ነው የሚቀልጠው?» አለኝ። ግራ ገባኝ። እነማን ናችሁ ብዬ ጻፍኩላቸውና የሞጣን ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የኔታ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩ። ላይኛው ትርጉም ቀልጦ ምሥጢሩ መቼ ይገለጣል ማለቱ ነው፣ ሰውዬው ቀላል አይደለም፣ እዚያም ጉባኤ ቤት ሳይኖር አይቀርም አሉ። ጭራሽ መልስ የሚሆን መወድስ ቅኔ ሊዘርፉለት ጀመሩ። ደግሞ በመሀል፣ «እንዲህ ያለ ሰው የሚሰማህ ከሆነማ...» ብለው ተዉት። ቀሪውን እንዲጨርሱልኝ እንዴት እንደጓጓሁ።

ይሄኔ ስልኬ ጮኸ። መልሱ ከነፎቶው መጣ። ሰዎቹ አንጥረኞች ናቸው። ቀለበቱን መጀመሪያ በሰም ይሠሩና ዙሪያውን በጭቃ ሸፍነው፣ ሰሙን አቅልጠው በቦታው ወርቅ ያፈሳሉ። ስልካቸው የቻናሌን ስም ቃል በቃል ተርጉሞላቸው፣ ሻማውንና ቀለበቱን ሲያዩ፣ የሀበሻን አሠራር እንማራለን ብለው ተቀምጠዋል።

አሁን ይሄ ለየኔታ ይነገራል? መወድሱ እኮ ተጋምሷል። ዋጥ ላደርገው ስል ፎቶውን አዩት። ምን ይደረግ፣ ነገርኳቸው።

ይቆጣሉ ስል ሳቁ። «ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ድሮም ከአንጥረኛ ነው የወሰድነው። ባለቤቶቹ መጡ በለኛ» አሉ።

«እንግዲያው ጥያቄው ቅኔ አልነበረም፣ የኔታ» አልኩ አፍሬ።

«ባይሆንም መልስ ይፈልጋል። የልጅ ልጄ ከምትማርበት ከተማ በስልኳ ጭና አምጥታ አሳይታኝ እኔም እስከ መጨረሻው ጠብቄሃለሁ። ልጄ፣ ሰሙ መቼ ነው የሚቀልጠው?»

ተሰደብኩ ወይስ ተመሰገንኩ? ቢቸና እስክገባ ሳስበው አልገባኝም። ብቻ የኔታ እስከ መጨረሻው አይተውኛል።