የሸርጣኔ ለቅሶ

በሕይወት ሳላችሁ ሰላም የማይላችሁ፣ ስትሞቱ ግን ከቤተሰብ ቀድሞ የሚያለቅስ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉኝ፤ ጋሽ አለባቸው ይባላሉ።

ቤቴ ውስጥ፣ ጨው በጥብጬ በሞላሁት የመስታወት ገንዳ፣ ኮራል የሚባል ድንጋይ መሳይ የባሕር ፍጡርና አንድ ሸርጣን አኖራለሁ። ጋሽ አለባቸው ሸርጣኑን ሁለት ዓመት ሙሉ «ይሄ ጊንጥ!» ሲሉት ኖረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ተዘርግቶ አገኘሁት። ውሃውን እንዳያበላሽ ብዬ በጭልፋ አወጣሁት። ጋሽ አለባቸው ሰምተው ኖሮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከች አሉ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ልጄ! እንዴት ያለ ዝምተኛ፣ በሰው የማይደርስ ፍጡር ነበር!»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ጓሮ ወስደን ቀበርነውና ተመለስን።

ገንዳውን ባይ፣ ሸርጣኔ ከኮራሉ ሥር ብቅ አለ! ለካ ሸርጣን ሲያድግ የጠበበውን ቅርፊት ከነእግሩ እንደ ልብስ አውልቆ ይጥላል። የቀበርነው ልብሱን ነው።

ጋሽ አለባቸው ነጠላቸውን አቃኑና «ይሄ ጊንጥ! ሥራ አስፈታኝ!» ብለው ወጡ።

እኔን «ይሄ ሰነፍ!» ነው የሚሉኝ። ምን መልካም ነገር እንዳስቀመጡልኝ ለመስማት ጓጉቻለሁ። ችግሩ፣ የሚናገሩት እኔ በሌለሁበት ቀን ነው።