የአያ ደምሌ እንባ

ሰው ሽማግሌ ሲልክ አንደበታቸውን መርምሮ ነው፤ ዓይናቸውን የሚመረምር የለም። እኔም አልመረመርኩም። ደብረ ታቦር የስልክ ሽፋን እየሸጥኩ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ የመድኃኒት ወረቀት የማነብ ሰው ነኝና ይሄ ከእኔ አይጠበቅም ነበር።

አጎቴ አያ ደምሌ ግላኮማ የሚባል የዓይን ግፊት ሕመም አለባቸው። የታዘዘላቸው ጠብታ እንዴት እንደሚሠራ ሳላስረዳ ባልፍ ያመኛል። ሰውነታችን ሁለት ዓይነት ነርቭ አለው፤ አንዱ ጅብ ሲመጣ ያስሮጣል፣ ሌላው ጅቡ ሲሄድ ያሳርፋል። ይሄኛው ልብን ያረጋጋል፣ አፍንና ዓይንን ያረጥባል፣ የዓይን ብሌን ያጠባል፣ ሽንትም ያስመጣል። ትእዛዙን የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የሚባል ነገር ነው፤ የእድር ጥሩምባ ነፊ በሉት። ጠብታው ታዲያ ጥሩምባውን የሰረቀ እንግዳ ነው። የሞተ የለም፤ እሱ ግን ይነፋል፣ ሰፈሩም ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። (ሌላም ዓይነት መድኃኒት አለ፤ ራሱ አይነፋም፣ ነፊውን በቃህ የሚለውን ዳኛ ያስራል።) ዓይን ውስጥ ሲነፋ የፈሳሹ መውጫ ይከፈታል፣ ግፊቱም ይቀንሳል።

የታዘዘው አንድ ጠብታ ነው። አያ ደምሌ ግን ጠበልም የሚጠጣው በሥላሴ ስም ሦስቴ ነው ብለው፣ ላገባት ያሰብኳትን ስንዱን ከአባቷ ሊለምኑልኝ ወደ ጉና ሥር ሲሄዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየተሳለሙ ሦስት ሦስት አደረጉ። በዚያ መንገድ ስንት ደብር እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል።

የቀረውን የነገሩኝ አብረዋቸው የሄዱት የንስሐ አባቴ ናቸው። ሲደርሱ የአጎቴ ብሌን የጤፍ ፍሬ አክሏል። ጨለም ካለው ቤት ገብተው፣ ምሰሶ ላይ ለተሰቀለ ጋቢ እጅ ነሥተው እንደምን ዋሉ አሉት። የስንዱ አባት ጋሽ ቢተው ከወዲያ ከመደቡ ላይ ሆነው ደህና ነን አሉ። ከዚያ እንባ ወረደ፣ ላብ ተከተለ፣ "ልጅዎን ለልጃችን" የሚለው ቃል ከምራቅ ጋር ተናነቀ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ሽንት መጣብኝ ማለትማ እንዴት ተደርጎ? አጎቴ እግራቸውን እያፈራረቁ ቆሙ።

የጋሽ ቢተው ሆድ ራራ። "እኔ ሳገባ የሄዱልኝ ሽማግሎች እንኳ እንዲህ አላነቡም፤ ይሄን ያህል የሚለቀስለት ልጅ ደግ ቢሆን ነው፤ ሰጥቻለሁ፣ ይቀመጡ" አሉ። አያ ደምሌ እንደ ነፋስ ወጡ። ጋሽ ቢተው ለምስጋና ሊሰግዱ ነው ብለው የበለጠ ተደነቁ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ባለትዳር ነበርኩ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሁም? ላመሰግን ሄጄ፣ የእንባው ነገር ግልጽ ይሁንላቸው ብዬ ከሁለቱ ነርቮች ጀመርኩ። ጋሽ ቢተው ጎበዝ ተማሪ ናቸው፤ እስከ ጥሩምባው ሌባ ድረስ በጥሞና ሰሙኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦

"ታዲያ የሞተ የለም ነው የምትለኝ?"

"የለም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ለቀስተኛው ወደ ቤቱ ይመለስ።"

ደብረ ታቦር እስክደርስ አነባሁ፤ ያለ አንዲት ጠብታ።