የጉድጓድ ቁጥር ሦስት ዘመቻ

ንጽሐፍ እንከ ዜናሁ ለደምሴ ወልዱ ለእስራኤል፤ የሐዋሳውን ጀግና፣ የፋይሉን አሳዳጅ፣ የአቶ ደምሴን ዜና እንጽፋለን። ጸሐፊው እኔ ጉልላት ነኝ፤ በልጅነቴ ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቼ ያቋረጥሁ፣ አሁን የእድራችን ጸሐፊ። ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም፤ የሰማሁትንም ብጽፍ ከታማኝ ሰው የሰማሁትን ነው።

አቶ ደምሴ ከትምህርት ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት በጡረታ በተሰናበቱ በስድስተኛው ዓመት፣ አቶ በርናባስ በእድራችን ላይ በዳኝነት በተቀመጡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የባጃጅ ታሪፍ ዳግመኛ በጨመረ በሦስተኛው ቀን፣ ጀግናው ጫማቸውን አስጠርገው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ለዘመቻ ተነሡ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር። የጀግናው አባት አቶ እስራኤል፣ የቡሹሎ ገበሬ፣ በጃንሆይ ዘመን ፈረንጆች በማሳቸው ላይ ነዳጅ ፍለጋ ጉድጓድ መቆፈራቸውን፣ እርሳቸውም የጉድጓዱ ዘበኛ ሆነው መሾማቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲናገሩ ኖሩ። ያመናቸው ግን አልነበረም። ሰፈርተኛው «ባለነዳጁ» ብሎ ሰየማቸው፤ ነዳጅ በጠፋ ቁጥርም ባዶ ጀሪካን ይዞ በራቸውን የሚያንኳኳ ቀልደኛ አልጠፋም። በቀብራቸው ቀን የሕይወት ታሪካቸው ሊነበብ ሲል አቶ በርናባስ ያችን አንዲት መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዟት። ጀግናው ያን ቀን አባታቸውን ቀብረው ተመለሱ፤ የተሰረዘችው መስመር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ስትቆረቁራቸው ከረመች።

ወእምዝ የአባታቸው የመቃብር ሐውልት ጊዜ ደረሰ። አቶ በርናባስ በሹመት የእድር ዳኛ፣ በሙያ እብነ በረድ ቀራጭ ናቸውና፣ መዶሻቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አቶ ደምሴ፣ ወረቀት ላይ የተጻፈ ይሰረዛል፤ ድንጋይ ላይ የተጻፈ አይሰረዝም። አባትዎ ዘበኛ ነበሩ የሚል ማስረጃ ካመጡ እቀርጻለሁ። ካላመጡ ሐውልቱ ቅዳሜ እንዲሁ ይመረቃል።» ዕለቱ ሰኞ ነበር።

ሠራዊቱም ይህ ነው፦ ከፊት የመሪው ጌታ ሰኢድ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ዐዋቂ፣ ባለ ሰማያዊዋ ባጃጅ፤ ከኋላ በቀኝ ጀግናው ከነቦርሳቸው፤ ከኋላ በግራ እኔ ጉልላት፣ ከነዣንጥላዬና ከነበሶዬ። ሌላ ሠራዊት አልነበረም፤ ሌላ መቀመጫ አልነበረምና። ወይዘሮ ታቢታ፣ የጀግናው ባለቤት፣ የተቀቀለ ድንች በፌስታል ቋጥረው ከደጅ ሸኙን።

መጀመሪያ በፒያሳ ወደ ማመልከቻ ጸሐፊ ዘመትን። ይህም ሰው ቋንቋ ሲያሳምር ጉዳይ የሚያበላሽ ነበርና፣ ጀግናው አንድ የጉድጓድ መዝገብ ለማየት ብቻ ቢጠይቁ፣ «የማዕድኑ ባለቤት የሆንኩት አመልካች የምርቱ መጠን እንዲገለጽልኝ» ብሎ ጻፈላቸው። ከማዕድን ቢሮው መዝገብ ቤት ደርሰን የመዝገቡ ንግሥት ወይዘሮ ኡሙልኸይር ይህን ባነበቡ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው አወጁ፦ «ጋሼ፣ ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ባለቤት ነኝ ካሉ የሚሄዱት ሕግ ክፍል ነው።» ሕግ ክፍል ግን ስብሰባ ላይ ነበር። ማክሰኞም ስብሰባ ላይ ነበር። ድንቹ አለቀ።

ረቡዕ ጠዋት ጀግናው ተመልሰው በመስኮቱ ፊት ቆሙና፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ አወጁ፦ «ልጄ፣ እኔ ሕዝብ ውስጥ የለሁበትም? የሕዝብ ከሆነ የእኔም አለበት ማለት ነው። እንግዲያው ድርሻዬ ስንት ጠብታ እንደ ደረሰ ልይ።» ወረፋው ሳቀ፤ ወይዘሮ ኡሙልኸይርም ሳቁ፤ ሳቃቸውንም ዋጥ አድርገው የመዝገብ ቤቱን በር ከፈቱ። ይህ በር ያለ ደብዳቤ ሲከፈት ያየሁት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በነዳጅ ፋይሎች መደርደሪያ ላይ ሁለት ቀን ተዋጋን። አቧራው ጦር ሆኖ መጣብን፤ እኔ ብቻዬን አሥራ ሰባት ጊዜ አነጠስሁ፤ ቡሹሎ የሚል ቃል ግን አንድ ስንኳ አልተገኘም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጀግናው በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጡ፤ ትከሻቸውም ወረደ። አባታቸው ዋሽተዋቸው እንደሆነ እያሰቡ መሆኑን ፊታቸው ነገረኝ። እኔም አፈርሁ። እውነቱን ልጻፍና፣ ጀሪካን ይዘው ካንኳኩት ቀልደኞች አንዱ እኔ ነበርሁ።

ወዲያው ግን ጀግናው ብድግ አሉ። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ያስረከበ ሰው የመንግሥትን ጠባይ ያውቃልና፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አወጁ፦ «መንግሥት ጉድጓዱን ሊረሳ ይችላል። ለዘበኛ የሰጠውን ካፖርት ግን አይረሳም! የንብረት ወጪ ሰነድ ይምጣ!»

ሰነዱ መጣ። ከሁለተኛው ሣጥን ሥር፣ አይጥ ጥጉን የቀመሰችው አንድ ሞዴል 22 ወጣ፤ እንዲህም ይል ነበር፦ «የነዳጅ መፈለጊያ ጉድጓድ ቁጥር 3፣ ቡሹሎ። ለዘበኛው ለአቶ እስራኤል፦ ካፖርት 1፣ የእጅ ባትሪ 1፣ ፊሽካ 1።» ከግርጌው የአቶ እስራኤል የአውራ ጣት አሻራ አለ። ከኋላው የጉድጓዱ መዝገብ በስፒል ተያይዟል፦ «ጥልቀት 380 ሜትር። ነዳጅ የለም። ጋዝ የለም። ምርት ባዶ። ተደፍኗል።» ጀግናው ባዶውን አልፈው አሻራውን አዩ፤ የራሳቸውን አውራ ጣት በላዩ አሳረፉበት፤ አለቀሱም።

ወይዘሮ ኡሙልኸይርም ሰነዱን አገላብጠው አወጁ፦ «እንኳን ደስ አልዎት ጋሼ። ግን ባትሪውና ፊሽካው ተመልሰዋል፤ ካፖርቱ አልተመለሰም። ንብረት ሳይመለስ ኮፒ አልሰጥም።»

ይህን በሰማ ጊዜ ሰኢድ ራሱን ያዘ። ጀግናው ግን ቦርሳቸውን አነሡ፤ ካፖርቱ የት እንዳለ ያውቁ ነበርና። ስድስት ወንድማማች ሆነው በልጅነታቸው ያደሩበት ያ አረንጓዴ ካፖርት፣ አባታቸው «የነዳጁ ሰዎች ሰጡኝ» ሲሉ ሰው ሁሉ ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ነው ያለው፣ በቤታቸው ጓሮ የዶሮ ቤት መጋረጃ ሆኖ ተሰቅሎ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጀግናው ካፖርቱን ሊያወርዱ እጃቸውን ሲዘረጉ ወይዘሮ ታቢታ በዶሮ ቤቱ በር ላይ ቆመው አወጁ፦ «ለሞተ ሰው ድንጋይ ይቀረጽ ተብሎ ያሉት ዶሮዎቼ በብርድ አይሞቱም!» ይህ ከዘመቻው ሁሉ የከፋው ጦርነት ነበር፤ ስለ ክብራቸው ስል አልተርከውም። ሰኢድ የባጃጇን የዝናብ ሸራ ፈትቶ ሲሰጣቸው ብቻ ሰላም ወረደ። ጀግናው ካፖርቱን አራግፈው፣ ላባውን ለቅመው፣ ኮሌታውን አንድ ጊዜ አሸተቱት። ምን እንደሸተታቸው አልነገሩንም፤ እስከ መዝገብ ቤቱ ድረስ ግን አቅፈውት ሄዱ።

ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሊዘጋ ሲል፣ ካፖርቱ ገቢ ሆነ፤ የገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፤ ማህተምም ተመታ። አቶ እስራኤልም በሞቱ በሁለተኛው ዓመት ከመንግሥት ንብረት ዕዳ ነፃ ወጡ።

አቶ በርናባስ ኮፒውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መዶሻቸውን አንሥተው ሲቀርጹ አመሹ፤ ቅዳሜም በእድርተኛው ሁሉ ፊት ቆመው፣ ራሳቸው የሰረዟትን መስመር ራሳቸው አነበቡ፦ «የነዳጅ ጉድጓድ ቁጥር 3 ዘበኛ ነበሩ።» ማንም ያላዘዛቸውንም ጨምረው ቀርጸው ነበር፦ «የተረከቡትን ንብረት በሙሉ አስረክበዋል።» ማንም አልሳቀም። እኔ ጉልላትም ያንኑ ጀሪካን፣ ውኃ ሞልቼ፣ በመቃብሩ ዳር የተተከለውን አበባ አጠጣሁበት።

እንግዲህ ደምሴ ሆይ፣ የአቧራ ድል አድራጊ፣ የሞዴል ሃያ ሁለት አንበሳ፣ ከሕዝቡ ድርሻ ጠያቂ፣ ምን ብለን እናመስግንዎት! ሌላው ባለጉድጓድ ከምድር ነዳጅ ያወጣል፤ እርስዎ ግን ከባዶ ጉድጓድ አባትዎን አወጡ።