እንቅልፍ የተከለከለበት ሐሙስ

ሰው በመሬት ይጣላል፣ በድንበር ይጣላል፣ በውርስ ይካሰሳል ይባላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፤ ሰውን ከሰው አንደኛ የሚያጣላው የቀን እንቅልፍ ነው። ይህን ካልተቀበላችሁ የደጋ ሰዎች ናችሁ ማለት ነው። ወይም ድሬዳዋ መጥታችሁ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የሰው በር አንኳኩታችሁ አታውቁም።

ለማያውቅ ላስረዳ። እኛ ዘንድ ስድስት ሰዓት ካለፈ ከተማው ይዘጋል። የዐረቡ ሱቅ ይዘጋል፣ የግሪኩ ሱቅ ይዘጋል፣ የቀፊራ ገበያ ሴቶች ሸቀጣቸውን በጆንያ ሸፍነው ጥግ ይይዛሉ። የጋሪ ፈረስ እንኳ ዛፍ ሥር ቆሞ ዐይኑን ይጨፍናል። ወንዶቹ ሽርጥ ያገለድማሉ፣ ሴቶቹ ሰሌን ያነጥፋሉ፣ መንገዱን ፀሐይ ብቻዋን ትመላለስበታለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ፊቱን ታጥቦ ይወጣል፤ ሱቅ ይከፈታል፣ ሰላምታው እንደገና ይጀመራል። በቀን ሁለቴ የሚነጋላት ከተማ ሌላ የት አለች? ይህ ስንፍና አይደለም። ስንፍና ነው ያለኝ አንድ የአዲስ አበባ እንግዳ ነበር፤ በግንቦት፣ በሰባት ሰዓት፣ ኮቱን እንደለበሰ ባቡር ጣቢያ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። በጋሪ አስተኝተው መለሱት።

እንግዲህ በዚህ በሰላም በምንተኛበት ዘመን አንድ ወሬ መጣብን። አገራችን የአፍሪካ አገሮች የሚወዳደሩበትን ትልቁን የእግር ኳስ ጨዋታ «እኔ ቤት ይሁን» ብላ ጠይቃለች። ዋናው ጨዋታ አዲስ አበባ ቢሆንም ጥቂቱ ለድሬዳዋ ሊሰጥ ይችላል ተባለ። ደስ አለን፤ ለምን አይለን? እዚህ ከተማ ኳስ የማይወድ ሰው ካለ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ብቻ ነው። እኔም የልጅ ልጆች አያት ነኝ ብዬ ቤቴ አልቀመጥም፤ ሜዳ እሄዳለሁ፣ ዳኛ ሲያዳላ ደግሞ ዝም አልልም። ዳኞቹ ያውቁኛል።

ታዲያ ሜዳውንና ከተማውን አይተው የሚፈርዱ እንግዶች ሊመጡ ሆነ። ወዲያው የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ አቶ ሸዋንግዛው ናቸው፤ የመንደራችን ሰው፣ ግቢያቸው ከእኔ ቤት ጥቂት ከፍ ብሎ ያለ። ከአዲስ አበባ ከመጡ ብዙም አልቆዩ፤ የቀን እንቅልፍን ግን ከእኛ ከተወላጆቹ በልጠው ነው የያዙት። ይህንን በክፋት አይደለም የምለው፤ እንዲህ ተቀራርቦ ለሚኖር ሰው የጎረቤት ማንኮራፋት ምስጢር አይደለም።

አቶ ሸዋንግዛው በእድራችን ድንኳን ሥር ሰበሰቡንና አዋጅ ተናገሩ። ሐሙስ እንግዶቹ ምሳቸውን እሳቸው ቤት ይበላሉ። በስምንት ሰዓት በእኛ መንገድ በእግራቸው ወደ ሜዳው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሕዝቡ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ባንዲራ ይዞ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መንገድ ዳር ይቆማል። ሐሙስ ዕለት ማንም አይተኛም!

ለምን ብለን ጠየቅን። ለካስ ኮሚቴው ለእንግዶቹ በላከው ወረቀት ላይ ድሬዳዋ ቀኑን ሙሉ ነፋሻ ናት፣ ሕዝቧም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነው፣ ጨዋታ በስምንት ሰዓት መጀመር ይቻላል ተብሎ ተጽፏል። ይህንን ሲሉ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ በያዘው ነገር ሁሉ ራሱን ያራግብ ነበር።

ጎረቤቴ መዲና ቀፊራ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ ሶማሊኛውንና ዐረብኛውን በአንድ ትንፋሽ ነው የምትናገረው። ቀና ብላ፣ «አቦ አቶ ሸዋንግዛው፣ ይሄ ነፋስ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ንገሩንና ሄደን እንቀመጥበት» አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

እኔም አልሳቅኩም፤ ሐሳቤ ሐጂ ዩሱፍ ላይ ነበር። ሐጂ ዩሱፍ የእድራችን ሰው፣ የአንድ ነጋዴ መጋዘን የሌሊት ዘበኛ ናቸው። እኛ ስንተኛ ይነቃሉ፣ የሚተኙት በቀን ነው። ባለፈው ጊዜ ነጋዴው ሌሊት ብቅ ብሎ ሲያንጎላጁ አገኛቸውና፣ አንዴ ብቻ ቢደገም ሥራዎን ይፈልጉ ብሏቸዋል። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል? ለእኛ የቀን እንቅልፍ ዕረፍት ነው፤ ለእሳቸው እንጀራ ነው።

ተነሥቼ ይህንኑ አስረዳሁ። ሐጂ ይተኙ፣ በእሳቸው ቦታ እኔ ሁለት ባንዲራ እይዛለሁ አልኩ። አቶ ሸዋንግዛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ እማማ የሺ። ለአንዱ ከፈቀድን ሁሉም የሚተኛበት ምክንያት አያጣም።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ «እኩል» የምትለዋን ቃል ግን በደንብ ነው ያጠናኋት። «ለሁሉም እኩል ከሆነ እርስዎንም ይጨምራል?» አልኳቸው።

«እኔንም ይጨምራል።»

«ሰማችሁ አይደል?» አልኩ ዞሬ። ሰምተዋል። በዚያው የመንገዳችን ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ፤ ሰው እንዳይተኛ የምጠብቅ እኔ ሆንኩ። ዝም ለማሰኘት የሚሰጥ ሹመት አይታችሁ ታውቁ የለ? እንደዚያ ያለ ነው።

ሐሙስ ደረሰ። ነፋሱ አልደረሰም። የመንገዱ ዳር ድንጋዮች በኖራ ተቀብተው ዐይን ይወጋሉ። እንግዶቹ፣ አንድ የአዲስ አበባ ሹምና ሁለት የውጭ አገር ሰዎች፣ አንደኛው ሱዳናዊ፣ በመኪና መጥተው አቶ ሸዋንግዛው ግቢ ገቡ። ብዙም ሳይቆይ የሩዝና የሥጋ ሽታ መንገዱን ሞላው። እኛ ባንዲራችንን ይዘን እናሸታለን።

ሐጂ ዩሱፍ በማለዳ ከሥራ መልስ ገና ጎናቸውን ሳያሳርፉ ነበር ድንጋዩን ኖራ ለመቀባት የተጠሩት። ቤታቸው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው፤ ደርሰው ለመመለስም አይመቻቸውም። የእኔ በር ላይ ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው። ባንዲራው ከእጃቸው እየወደቀ ሲያስቸግር ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ከክርናቸው ጋር አሰርኩላቸው። ዐይናቸው ክድን ሲል በዱላዬ ጫፍ ወንበሩን ነካ አደርጋለሁ፤ ብርግግ ብለው ባዶውን መንገድ በባንዲራ ሰላም ይላሉ።

«አዴ የሺ» አሉኝ በመጨረሻ፣ «አሁን ካልተኛሁ ሌሊት እተኛለሁ። ሌሊት ከተኛሁ ደግሞ ጠዋት ሥራ የለኝም።»

ምን ልበላቸው? ቃል ቃል ነው፤ ሁሉም ነቅቶ ይውላል ተባብለናል። «ትንሽ ይታገሱ፣ አሁን ይወጣሉ» አልኳቸው።

ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ማንም አልወጣም። ዘጠኝ ሆነ... ማንም! መዲና እንግዶቹ ነፋሱን እየጠበቁ ይሆናል አለች። ልጆች ማልቀስ፣ አሮጊቶች መራገም ጀመሩ። ከአሮጊቶቹ አንዷ እኔ ነኝ። ዱላዬን ይዤ ወደ አቶ ሸዋንግዛው በር ወጣሁ።

በሩን የከፈተልኝ ዘበኛ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጌታዬ ሥራ ላይ ናቸው አለኝ።

ቆሜ ሳዳምጥ ሥራው ይሰማል። አንዱ ይጎትታል፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ደግሞ ዳገት እንደሚወጣ ባቡር ያቃስታል። ዘበኛውን ገፋ አድርጌ በረንዳውን ተመለከትኩ። አቤት ያየሁት! ፍራሽ ተነጥፏል፣ የኤሌክትሪክ ማራገቢያው ይዞራል፣ እንግዶቹ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ፈትተው ተዘርረዋል። በመካከላቸው አቶ ሸዋንግዛው፣ የኮሚቴው ሪባን ደረታቸው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። እንግዶቹን አልፈርድባቸውም፤ ያንን ሁሉ ሩዝ በልቶ፣ በዚያ ሙቀት፣ ማን ይቆማል? ሊቀ መንበሩ ግን የራሳቸው አዋጅ አለባቸው።

ዱላዬን የያዘው እጄ ትንሽ በልቶኝ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ግን አሰብኩት። ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ብለው የለም? ሕጉ እዚህ በረንዳ ላይ ከተኛ እዚያ መንገድ ላይ ምን ያደርጋል? ቀስ ብዬ በሩን ዘጋሁና ተመለስኩ።

«አቶ ሸዋንግዛው አዋጁን አንስተውታል» አልኩ።

«መቼ?» አለች መዲና።

«አሁን። በጆሮዬ ሰምቼ መምጣቴ ነው።»

ደግሞ የጠየቀኝ የለም። ወደ ቤት የሚገባው ገባ፤ ግማሹ ግን እንግዶቹ ድንገት ቢወጡስ ብሎ ከሰሌኑ ጋር መንገድ ዳር ቀረ። የግድግዳው ጥላ ወደ መንገዱ መውረድ ጀምሮ ነበርና እዚያው በተርታ ጋደም አሉ፣ ባንዲራቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። ሐጂ ዩሱፍን ግን ጓዳዬ ውስጥ፣ ከውኃ ማሰሮዬ አጠገብ ባለው ቀዝቃዛ አልጋ ላይ አስተኛኋቸው። በሩን ዘግቼ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛ የምጠብቅ ዘበኛ ሆንኩ። አልተኛሁም... ዐይኔን ብቻ አሳረፍኩት።

ስገልጠው ፊት ለፊቴ የሚያብረቀርቅ ጫማ አየሁ። ቀና ስል አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው፣ ሱዳናዊው እንግዳ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያያል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ተኝቷል። ከኋላው አቶ ሸዋንግዛው ቆመዋል፤ ጉንጫቸው ላይ የትራሳቸው መስመር አልጠፋም፣ ላባቸው ግን አዲስ ነው። ሌሎቹ ሁለት እንግዶች ከሩቅ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ይመጣሉ።

«እማማ የሺ፣ ምን አደረጉኝ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አዋጅዎን አከበርኩ እንጂ! እርስዎ የሠሩትን ሁላችንም እኩል ሠራን።»

እንግዳው በዐረብኛ አንድ ነገር ጠየቀ። አቶ ሸዋንግዛው ሳይገባቸው መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ መዲና ከሰሌኗ ተነሥታ ቀደመቻቸው። ያኔ ያወሩትን ኋላ ነው የተረጎመችልን። ሰውየው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትተኛላችሁ ወይ ይላታል። በየቀኑ፣ ትለዋለች። ወረቀቱ እኮ ነፋሻ ይላል፣ ይላታል። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው፣ ትለዋለች። በዚህ ጊዜ ሰውየው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ካርቱምም በዚህ ሰዓት ትተኛለች፤ እናንተ አትተኙም ብላችሁ ስትጽፉልኝ እዚህ ሕመምተኛ ከተማ አለ ብዬ ሰግቼ ነበር አላት።

ከዚያ ውኃ ጠማው። አቶ ሸዋንግዛው፣ ማሰሮዬ ጓዳ እንዳለ የሚያውቁ ጎረቤቴ፣ ዘልለው በሬን ሊከፍቱ እጃቸውን ዘረጉ። ዱላዬን አጋደምኩባቸው።

«እዚህ ውስጥ ሌሊት የሚሠራ ሰው ተኝቷል።»

«እማማ፣ የአገር ጉዳይ ነው!»

«የተኛውም የአገሩ ሰው ነው።»

ምን እንዳልን እንግዳው መዲናን ጠየቃት፤ ነገረችው። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚያ ግዙፍ ገላው በጫማው ጫፍ እየረገጠ ከበሬ ራቅ አለ፤ አቶ ሸዋንግዛውም ምን ምርጫ አላቸው፣ በጫማቸው ጫፍ ተከተሉት። መዲና ከቤቷ ውኃ አመጣችለትና መንገድ መሃል ቆሞ ጠጣ።

ሜዳ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች እንደ ወትሯቸው ጨዋታ ጀምረዋል፤ ማንም ሳያዛቸው ሕዝቡ ዙሪያውን ሞልቶ ይጮኻል። እኔም ዳኛው ላይ ሁለት ጊዜ ያህል ጮኽኩ፤ ለእንግዳ ብዬ ቀነስኩ እንጂ ጥፋቱ ከዚያ በላይ ነበር። እንግዳው ሲሄድ ለኮሚቴው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ስምንት ሰዓት የሚለውን ሰርዛችሁ አሥር ሰዓት ተኩል ብላችሁ ጻፉ፣ ያኔ ስለ ከተማችሁ እንነጋገራለን።

ሐጂ ዩሱፍ መሽቶ ነው የነቁት። ፊታቸውን ታጥበው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ነጋዴው በዚያው ሌሊት ድንገት ብቅ ብሎ ነበር አሉ፤ ሐጂ ከሩቅ «ማነህ? ቁም!» ብለው ስላስደነገጡት በማግሥቱ ራሱ ለሰው ሁሉ እየሳቀ ይህንኑ ያወራል። ሥራቸው ላይ ናቸው።

ጨዋታው ለእኛ ይሰጥ አይሰጥ ገና አልታወቀም። አቶ ሸዋንግዛው ግን በሚቀጥለው እሑድ ድንኳን ሥር ሰብስበውን፣ ጨዋታ በአሥር ሰዓት ተኩል ይጀመር የሚል አዲስ ሐሳብ ማፍለቃቸውን ነገሩን። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሐሳብ የማንም ይሁን የማን፣ ትክክል ከሆነ ይጨበጨብለታል። ለሐሙሱ ድካሜ ደግሞ የኮሚቴ አባል አደረጉኝ፤ ሪባንም ሰጡኝ።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው በየሳምንቱ ማክሰኞ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ነው። እስካሁን ሄጄ አላውቅም። አንድም ቀን ቀረሽ ብሎ የወቀሰኝ የለም፤ የሚወቅሰኝ እንዲኖር እኮ አንድ ሰው መገኘት አለበት።