ሹሏ ጥይትና ጠፍጣፋዋ

ሹል ነገር ሁሉ ይወጋል ብሎ የሚያምን ሰው የአየር ጠመንጃ ተኩሶ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር። ይህን የምላችሁ ግን ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም። ያደረግሁትን አድርጌአለሁ፤ ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጠመንጃዋ ልጀምር። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በድሬ ዳዋ ባቡር ጋራዥ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ሲሞት ሁለት ነገር ተወልኝ፤ የሚያከራያት አንዲት ክፍልና አዳኝ ነኝ የሚልባት አንዲት የአየር ጠመንጃ። ክፍሏን የደርግ አዋጅ ወሰዳት። ጠመንጃዋ ትርፍ ቤት ባለመሆኗ ተረፈችልኝ።

በግቢዬ ፓፓያ አለ። ወፎቹ መብሰሉን ሁልጊዜ ከኔ ቀድመው ያውቃሉ። አንድ ቀን መረረኝና የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ሰፈር፣ አው ዩሱፍ ሱቅ ሄድኩ። አው ዩሱፍ ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣ ነገር (እንዴት እንደሚመጣ አትጠይቁኝ) ከባንኮኒያቸው ሥር የማይታጣ ሐረሪ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ጣሳ አወጡልኝ፤ በሁለቱም ውስጥ ከሽምብራ የሚያንሱ የእርሳስ ጥይቶች አሉ። ያንደኛው ጣሳ ጥይት ጫፉ ሹል ነው፤ የሌላው ግን በጥፊ የተመታ ይመስል ራሱ ጠፍጣፋ። ጠፍጣፋውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ወላሂ አቦ፣ ጠመንጃም እንደ ሰው ሆድ ነው፤ የሚስማማው አለ። አባትህ ይቺን ነበር የሚወስደው» አሉኝ። እኔ ሽማግሌ የምሰማ ነኝ? ጠፍጣፋ ነገር ምን ሊበሳ! ሹሏን ገዛሁ።

ሹሏም ወፉን ትታ የጎረቤቴን የወይዘሮ አልማዝን ጀሪካን በሳችው። ባዶ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ሴትዮዋ ግማሽ ቀን ተሰልፈው የቀዱት ውሃ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወደ አው ዩሱፍ ተመለስኩና ጠፍጣፋዋን ገዛሁ። በማግስቱ አጥር ላይ ያስቀመጥኩትን የክብሪት ቀፎ በመጀመሪያው ተኩስ አነሳችው። ወይዘሮ አልማዝ ግን በዚያው ሰዓት ሊከሱኝ ቀበሌ ደርሰው ነበር።

ጠመንጃህን ይዘህ ቅረብ ተባልኩ። ጉዳዩ አጭር ነው፤ መሣሪያ ከሆነች ትወረሳለች፣ መጫወቻ ከሆነች ትመለሳለች። ይህም በተኩስ ይጣራል። ባለቤቴ ብልህ ናት፤ «ሹሏን ተኩስና ስተህ ና» አለችኝ። እሺ ብዬ ሹሏን በቀኝ ኪሴ ያዝኩ። ጠፍጣፋዋ ግራ ኪሴ ምን ትሠራ እንደነበር እንጃ።

በቀበሌው ግቢ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ የቲማቲም ጣሳ አቆሙ። ተኮስኩ። ጥይቷ የት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ወይዘሮ አልማዝ እንኳ ጀሪካናቸውን ረስተው ሳቁ። ጓድ ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ፣ ይቺማ መጫወቻ ናት፣ አባትህ ይቺን ታቅፎ ነው አዳኝ ነኝ ሲል የኖረው፣ ይዘህ ሂድ አለኝ።

ሂድ ተብያለሁ እኮ! በዚያ ዘመን ከቀበሌ ሂድ የተባለ ሰው ይበራል እንጂ ይራመዳል? ግን አባቴን ምን አመጣው? አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ጊዜ ልድገም» ስል ራሴን ሰማሁት። እጄማ ቀድሞኝ ግራ ኪሴ ገብቷል። ጠፍጣፋዋን አጎረስኳት፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ሳብኩ። ጣሳው ተስፈንጥሮ ከሊቀመንበሩ ጫማ አጠገብ ወደቀ። ሳቁ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አነሳና በመሃሉ በተከፈተው ቀዳዳ ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ጠመንጃዋን ከእጄ ወሰደ።

ባዶ እጄን ቤት ስገባ ባለቤቴ ነገሩ ገባት። ለአሥራ አምስት ቀን አኮረፈችኝ። ወፎቹም ፓፓያውን ጨረሱት። ኋላ ለሌላ ጉዳይ ቀበሌ ስሄድ ጠመንጃዋን ከክላሾቹ ጎን ተደርድራ አየኋትና እየሳቅሁ ተመለስኩ። ባለቤቴ በመጨረሻ ኩርፊያዋን ሰብራ፣ ምን ያስቅሃል፣ አስወረስካት እኮ አለችኝ።

ምን ልበላት? በዚያ ዘመን ስንቱ ባልሠራው ታሰረ፤ የኔዋ ጠመንጃ ግን በሠራችው ነው የታሰረችው።