ሰባት ቤት የተቆጠረለት ፀጉር

ሰው በሌላው ራስ ላይ ሲፈርድ ያመነታል፤ በገዛ ራሱ ላይ መቀስ ሲያነሳ ግን ከንጉሥ ይደፍራል። "ራስ ሳይጠና ጉተና" ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ይሆናል። የእኔ ራስ ከጠና ቆይቷል፤ ስለዚህ ተረቱ እኔን አይመለከትም ብዬ ገባሁበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴን ልጅ ሐያትን ሊጠይቁ ሽማግሌ ላኩብን። እናቷ ያለችው ጎንደር ነው፤ መንገዱ አላሳልፍ ስላላት፣ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ልጅቷን ያሳደግኋት እኔ በእናቷ ቦታ ልቀመጥ ሆነ። እህቴ በስልክ፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ ቤተሰቡም ደህና ነው፣ አደራሽን በአንቺ አፍ እንዳይበላሽ አለችኝ። አፍሽ አለች እንጂ ፀጉርሽ አላለችም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ቀን ሰው ምን ይምሰል? ድሮ ጎንደር ፎቶ ቤት የተነሳች የአክስቴ ፎቶ አለችኝ። ፀጉሯ በካውያ ተተኩሶ፣ ከፊት ተቆርጦ፣ ቅንድቧ ላይ እንደ መጋረጃ ወርዷል። ያቺን ፎቶ አይቶ "ይህ ቤት ቀላል ቤት አይደለም" የማይል የለም። ፀጉር ቤት ያለችው ያገሬ ልጅ ግን ነገ ነይ አለችኝ። ሽማግሌው ዛሬ እየመጣ እኔ ነገ ላምር?

የሰሊጥ ጆንያ አፍ የምከፍትበትን መቀስ አነሳሁ። ግድግዳዬ ላይ ከተሰበረ ረክሻ፣ ያገሬ ሰው ባጃጅ ከሚለው፣ የተረፈ መስታወት አለ፤ የሚያሳየው ግማሽ ፊት ነው፤ ለግማሽ ፀጉር ምን ያንሳል? ፀጉሬን በውኃ አርሼ፣ ጎትቼ ቅንድቤ ድረስ አመጣሁና ቆረጥኩት። ቀኙ ረዘመ፤ ቀኙን ቆረጥኩ። አሁን ግራው ረዘመ፤ ግራውን። እንደ ድንበር ክርክር አንዱ ሲገፋ አንዱ ሲሸሽ ቆየንና በመጨረሻ እርቅ ወረደ። ከዚያ የገዳሪፍ ፀሐይ አደረቀችው። እርጥብ ፀጉር ለካ ውሸታም ነው! ቅንድቤ ላይ የነበረው ሽቅብ ሸሽቶ፣ ተጠቅልሎ፣ አናቴ ሥር እንደ ጠቦት ጭራ ቁጭ አለ። እኔ እስከ ዛሬ ቆራጯን አልወቅስም፤ ያጠፋው ውኃው ነው።

ሐያት ስታየኝ፣ "ኻልቶ፣ በአላህ ሻሽሽን ወደ ፊት ሳቢው!" ብላ ለመነችኝ፤ ኻልቶ የምትለኝ አክስቴ ለማለት ነው። እኔ? ደክሜ የሠራሁትን ልሸፍን? ሴቶች ብቻ በምንቀመጥበት ክፍል ማን ይቆጣኛል? ሻሼን ጭራሽ ወደ ኋላ ገፋሁት።

ወንዶቹ ከባለቤቴ ጋር በረንዳው ላይ ሲቀመጡ፣ የልጁ እናት ሐጃ ዘይነብ ከእኔ ጋር ገቡ። ባላቸው ያገራችን ሰው ይሁኑ እንጂ እርሳቸው ሱዳናዊት ናቸው፤ አማርኛ አይሰሙም። የእኔ ዓረብኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ሰሊጥና ማሽላ እስከተነሳ ድረስ የሚያህለኝ የለም። ሰላምታው ሲያልቅ ሐጃ ፊቴን ትኩር ብለው አይተው አንድ ነገር ጠየቁኝ። እኔ ሁለት ቃል ለቀም አደረግሁ፤ "ጉሳ" እና "ሚኑ"። "ሚኑ" ማን ማለት መሆኑን አውቃለሁ። "ጉሳ"ማ ምን ያጠያይቃል? ጎሳ ነዋ! ጎሳሽ ማን ነው ማለታቸው ነው።

ደሜ ፈላ፤ ግን አደራ አለብኝ። ደግሞስ ለጋብቻ ሲመጡ ሰባት ቤት መቁጠር የራሳችን ደንብ አይደል? ጉሮሮዬን ጠርጌ "አሕመድ" አልኩ፤ አባቴን። ሐጃ ቅንድባቸውን አነሱ። አልበቃቸውም ብዬ "ይማም" አልኩ፤ አያቴን። ፊታቸው ጠቆረ። ይማምን የማይወድ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም! ኑሩን ጠራሁ፤ አደምን ጠራሁ፤ ስም በጨመርኩ ቁጥር ከራስ እስከ እግራቸው የተጠቀለሉበትን ቶብ ወደ ራሳቸው ይሰበስባሉ። አምስተኛው ላይ "ኩሉሁም?" አሉኝ፤ ሁሉም? ማለታቸው ነው። "ኩሉሁም!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ፤ ሰባተኛው ድረስ ወጣሁ። ይኸኔ ሐጃ በእግራቸው ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ጋብቻው ሊፈርስ ነው፤ እህቴን ምን ልላት ነው?

ሐያት ቀዩን የከርከዴ መጠጥ ይዛ ገባች። እንዲህ ባለ ቀን ልጅ ዓይኗን ሰብራ ትቀዳለች እንጂ አታወራም፤ ሐጃ ግን ጠርተው በጆሮዋ ነገሯት። ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ እሷም ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ በሳቅ።

"ኻልቶ፣ ጉሳ ማለት እኮ ግንባርሽ ላይ ያለው ፀጉር ነው! ማን ቆረጠልሽ ነው ያሉሽ። አንቺ ሰባት ወንድ ቆረጠኝ አልሻቸው!"

"ንገሪያቸው" አልኩ ቶሎ ብዬ፣ "ብቻዬን ነው የቆረጥኩት። ሰባቱም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከደሙ ንጹሕ ናቸው።"

ሐያት ስትተረጉም ሐጃ በሳቅ ቶባቸው ከራሳቸው ወረደ። በእግራቸው ያገኙትን ጫማ መልሰው ገፉት፤ እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ በሐያት አፍ እንዲህ አሉኝ፤ ልጅቷን ወስደናል፣ ዘራችሁም የተባረከ ዘር ነው፤ ለሰርጉ ግን የሙሽራዋን ፀጉር ከአንቺ ይልቅ ሰባቱ ሟቾች ይሥሩት።